ያልቀለጠው ቅቤ

ከፀሐይ የሚከልል ሰው ሠራሽ ደመና ለየሰፈሩ እኩል ይታደላል ከተባለ ወዲህ፣ የሳይንስ መምህሩ አንዷለም «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያለ ለብቻው ያጉረመርም ነበር። በመጨረሻ ሰባተኛ ክፍሎችን፣ «እሁድ በቀትር ድቡልቡል ቅቤ መስኮት ላይ አስቀምጡና ሰኞ አምጡ» አላቸው።

የላይ ሰፈር ልጆች ቅቤ እንደተድቦለቦለ መጣ። የታች ሰፈሮቹ ቀልጦ ሰሃኑ ላይ ተነጥፏል፤ የትርንጎ ብቻ ሲቀር።

«አንቺ፣ ጓዳ ደብቀሽው ነው አይደል?»

«ኧረ ቲቸር፣ መስኮት ላይ ነው!»

«ታዲያ ደመናው እናንተን ብቻ መርጦ መጣ?»

ክፍሉ አውካካ።

«እማዬ ናት። ‹ልጄ ከላይ ሰፈሮቹ ለምን ታንሳለች?› ብላ፣ ፀሐዩ እስኪያዘቀዝቅ ቆማ በጀርባዋ ከለለችው።»

አንዷለም ሰሃኑን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «እናትሽስ እንዴት ናቸው?»

«ጀርባዋ ተልጦ በሆዷ ተኝታለች። ግን ቅቤዬ ስላልቀለጠ ልክ ነኝ አይደል፣ ቲቸር?»