የፋብሪካው ሽቦ

ኤሌትሪሻኑ አሮጌውን የሽቦ ጥቅል ከመኪናዬ ሞተር ጀርባ መዝዞ መሬት ላይ ሲያስቀምጠው፣ አነሳሁና ፌስታሌ ውስጥ ከተትኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ፋብሪካው አሮጌውን መልሶ እንደሚፈልገው በትሕትና ነገረኝ። እሱን እናያለን አልኩት፤ መጀመሪያ የሚገባው አዲስ መሆኑን በዓይኔ ላረጋግጥ።

እኔ እንዲህ ነኝ። ሥጋ ስገዛ እንኳ ዓይኔ ሚዛኑ ላይ ነው። በነጻ እንጠግናለን የሚል ፋብሪካማ ጭራሽ አይታመንም፤ የሚፈራው ነገር ባይኖር ይህ ሁሉ ደግነት ከየት ይመጣል? ግን ደውለው፣ የዚህ ዓይነት መኪና ያለው ሁሉ ይዞ ይምጣ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ ችግር አለበት ሲሉኝ እንባዬ መጣ። ያን ጠዋት መኪናዬ እምቢ ያለችኝ በእነሱ ሽቦ ነው ማለት ነዋ። የመጣሁት ይህን ከአፋቸው ልሰማ ነው።

እናቴ የወደቀች ጠዋት ነው። ጎረቤቷ ደወለችልኝ፤ ሮጬ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ፤ ቁልፉን ባዞረው ባዞረው ትንፍሽ አላለችም። ታክሲ ለምኜ ስደርስ ፊቷን ሸፍነውት ነበር። ታላቅ ወንድሜ ከዚያ ወዲህ በቅጡ አያናግረኝም። መኪና ደጇ ቆሞ እያለ ለእናታችን አልደረሰችላትም ይላል፣ ለሰው ሁሉ።

ባሌ ደግሞ ይቺ መኪና የሴት እጅ አትወድም እያለ ይቀልድብኛል። እውነትም እሱ ሲገባ ትነሳለች። እኔ ስገባ አንዳንዴ ትነሳለች፣ አንዳንዴ ታኮርፋለች። ለእናቴ ያልሆነ እጅ ምን ያደርጋል እያልኩ የገዛ እጄን ጠልቼው ነበር።

ዛሬ ከሥራ ቀርቶ፣ ራሱ እየነዳ ይዞኝ መጣ። ደህናውን ዕቃ አውጥተው ያገለገለ ይገጥሙልሻል ሲለኝ፣ ተመስገን፣ የሚያግዘኝ አገኘሁ አልኩ። በኤሌትሪሻኑ ግራና ቀኝ እንደ ዘበኛ ቆምን። ሰውየው ጸጉሩ የሸበተ፣ ታጋሽ ነው። አዲሱን ሽቦ ገጥሞ ባትሪውን ካሰረ በኋላ ፌስታሌን አስከፍቶ የአሮጌውን ላስቲክ አሳየኝ። አንድ ቦታ ላይ ቀልጧል። ይግላል፣ ሲቆይ እሳት ያስነሳል አለኝ።

"እንግዲህ የማትነሳልኝ በዚህ ነዋ" አልኩ።

"አይ እትዬ። ይሄ ያቃጥላል እንጂ ከመነሳት አያግድም።"

ጥፋቱ ዞሮ እኔው ላይ አረፈ። ወዲያው ደግሞ ሰውየውን ጠረጠርኩት፤ ደሞዙን የሚከፍሉት እነሱ ናቸው፣ እንዲህ በል ብለውት ይሆናል። ባሌ፣ በቃ ሰማሽ፣ አትሟገቺ፣ እንሂድ አለኝ።

ኤሌትሪሻኑ ግን እስቲ ገብተው ያስነሷት አለኝ። ገብቼ አዞርኩ። ዝም። ባሌ ሳቅ ብሎ አስወረደኝና ገባ። እግሩ ረጅም ስለሆነ እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ፤ ቁልፉን ሲያዞር ተነሳች። አጠፋት፤ ወንበሩን እንደገና ጎንበስ ብሎ ለእኔ አስተካከለልኝና ወረደ። ይህን ሳያደርግልኝ ወርዶ አያውቅም። ለጎረቤቶቼ ሳይቀር ተመጻድቄበታለሁ።

ኤሌትሪሻኑ አልሳቀም። የእጅ ባትሪውን አብርቶ ተንበረከከና እጁን ከሾፌሩ ወንበር ሥር ሰደደ።

እዚያ ምን አለህ፣ ያንተ ሥራ ከፊት ነው አለው ባሌ። ድምፁ ሌላ ሆነብኝ። ሰውየው ምንጣፉን ገልጦ በጥቁር ናስትሮ የተጠቀለለ ሽቦ ሳበ። ጫፉ ላይ ጥፍር የምታክል ማጥፊያ አለች።

"ይቺ የፋብሪካ አይደለችም" አለኝ። ወደ ባሌ አላየም። "ይቺ ከተዘጋች ሞተሩ አይነሳም።"

ለሌባ ነው አለ ባሌ። ድሮ ያስገጠምኩት ነው፣ ስንቱ ሰው ያስገጥማል፣ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ። አወራ፣ አወራ። እኔ ግን ያን ጠዋት ላይ ነበርኩ። ለሥራ ራቅ ያለ ቦታ ሄዶ ስለነበር በስልክ ነው ያገኘሁት። እናቴ ወድቃለች፣ መኪናዋ እምቢ አለችኝ ብዬ እያለቀስኩ ነገርኩት። ፍሪሲዮን ረግጠሽ ሞክሪ አለኝ። ትንሽ አሳርፊያትና ሞክሪ አለኝ። እኔም እሱን እየሰማሁ ስሞክር፣ ስሞክር ቆየሁ።

"ያኔ ስደውልልህ ለምን አልነገርከኝም?"

ኤሌትሪሻኑ ማጥፊያዋን እንደያዘ አቀረቀረ። ባሌ ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ለሞት የሚያደርሳት አልመሰለኝማ" አለ። "ገበያ ስትወጪ መች ዘግቼብሽ አውቃለሁ? አንዴ ከነገርኩሽ ግን፣ ከዚያ ወዲያ የት እንደገባሽ የት እንደወጣሽ በምን አውቃለሁ?"

ኤሌትሪሻኑ ይህቺን ላንሳት ወይስ ትቆይ ብሎ ጠየቀ። ባሌ ትቆይ አለ። ሰውየው እኔን መጠበቁን አልተወም።

"ያንሱልኝ" አልኩ።

ሽቦውን በፒንሳ ቆርጦ የቀረውን አገናኘ። ገባሁ፤ በሩን ዘጋሁ፤ ቁልፉን አዞርኩ። ተነሳች። አጥፍቼ እንደገና አዞርኩ። ተነሳች። እጄ ምንም አልነበረበትም። እደርስላት ነበር። ባሌ መስኮቱን አንኳክቶ፣ ሰው እያየን ነው፣ በቃሽ አለኝ። አጠፋኋትና አዞርኩ። አጠፋኋትና አዞርኩ። አንዴም እምቢ አላለችኝ።