የእናት ፎቶ

ልጅቷ ታብሌቱ ላይ የእናቷን ፎቶ ስትነካ «እማዬ» የሚል ድምፅ ወጣ። ድምፁ የእናትየው የራሷ ነበር፤ ኦቲዝም ላለባቸውና ለማይናገሩ ልጆች፣ ሥዕል ሲነኩ እንዲናገርላቸው በተሠራው በዚህ ፕሮግራም ውስጥ «ውሃ»ንም «በቃኝ»ንም እየተናገረች የቀዳችው እሷው ናት።

«ቲቸር፣ ራሴን በራሴ መጥራት ሰለቸኝ» አለች እናት፣ ለመሳቅ እየሞከረች። «እስቲ በልጅ ድምፅ ይሁንልኝ። አንዴ እንኳ ልጅ ሲጠራኝ ልስማ።»

«እሷ የለመደችው የእርስዎን ነው» አለች መምህሯ። ቢሆንም በማግስቱ የገዛ እህቷን ልጅ ድምፅ ቀድታ አመጣችና ቀየረችው።

ልጅቷ ፎቶውን ነካች። «እማዬ» አለ ቀጭን የልጅ ድምፅ። እናት ዓይኗን ጨፍና ሰማችው። ልጅቷ ግን ግራ ገባት። ደግማ ነካችው፤ ያው የባዕድ ድምፅ ነው። ታብሌቱን ገልብጣ ጀርባውን አየች፣ ነቀነቀችው፣ የጠፋ ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው ጆሮዋን አስጠጋችበት። ከዚያ አስቀመጠችውና ወደ እናቷ ዞረች። ዓይን ዓይኗን ሳታይ ያችኑ ፎቶውን የነካችበትን ጣቷን እናቷ አንገት ላይ፣ ድምፅ የሚወጣበት ቦታ ላይ አሳርፋ ተጫነች።



«እማዬ» አለች እናት።

ልጅቷ ጥቂት አዳመጠችና እንደገና ተጫነች።