ከሮማኑ ሥር የወጣችው

መምህር ኪዳነወልድ ምስሏን ያገኛት አቦከር ሰፈር ካለው የእናቱ ግቢ፣ ከሮማኑ ሥር ቦይ ሲቆፍር ነው። መዳፍ የምታህል የሸክላ ሴት ናት። ጡቷ ትልቅ፣ ሆዷ የገፋ፣ ፊት ግን የላትም።

"መልሰህ ቅበራት" አሉት እናቱ ወይዘሮ ለተማርያም። "እትብትህ ያለበት ቦታ ነው፤ አትንካው ብዬህ አልነበር?"

"እማዬ፣ ይቺ እኮ ታሪክ ናት!"

በድሬዳዋ በኩል ዋሻ ሲያጠኑ የከረሙት ፈረንጅ ሊቅም ይህንኑ አሉ። የመራባት አምላክ ናት፤ ሦስት ሺህ ዓመት ይሆናታል። ፊት ያልተሠራላት ሴትን ሁሉ ስለምትወክል ነው። ሆዷ ላይ ያለው አውራ ጣት የሚያህል፣ በሰያፍ የተሰነጠቀ ጉድጓድ የምጥ ምልክት ነው።

"ግን አንዲት ብቻዋን ማንም አያምንም" አሉ። "ከአንድ እጅ የወጣች ሁለተኛ አምጣልኝ። እሑድ ስመለስ አዲስ አበባ፣ ሙዚየም እወስድሃለሁ።"

ኪዳነወልድ ከጠመኔ አቧራ የሚገላግለው ሌላ መንገድ አልነበረውም። ግቢውን ቆፈረ፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። የጎመኑን መደብ ገለበጠ፤ ትል ብቻ።  አንድ ያላት እንቅልፍ የላት እንዲሉ ምስሏን ትራሱ ሥር አድርጎ ያድር ጀመር።

ጎረቤታቸው ዘይነባ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። "ጊደር መጋላ ገበያ ላሉት ሸክላ ሻጮች አሳያት። እነሱ ያውቃሉ፣ ወላሂ!"

"ሸክላ ሠሪ? ቡዳ ደጄን አይረግጥም!" አለ ኪዳነወልድ።

ተማሪዎቹን "ቡዳ የሚባል ነገር የለም" እያለ የሚያስተምረው እሱ ራሱ ነው። ወይዘሮ ለተማርያም የልጃቸውን ኮት ቁልፍ እየተከሉ ነበር። በልጅነታቸው ማጭድ በሰያፍ የሰነጠቀው አውራ ጣታቸው መርፌውን አላስይዝ አላቸው።  ስለ ትውልድ አገራቸው ሲጠየቁ ወሬ ይለውጣሉ፤ ሟቹ ባላቸው እንኳ "ከሩቅ ነው ያመጣኋት" ብለው ነው ያለፉት።

ቅዳሜ ጠዋት ዘይነባ ሌላ ወሬ አመጣች። "እናትህን ወንዙ ዳር አየኋቸው። ነጠላቸው ሥር የሆነ ነገር ደብቀዋል።"

ኪዳነወልድ ደሙ ፈላ። ታዲያስ! ሁለተኛዋን አግኝተዋት ኖሯል፤ ጣዖት ናት ብለው ወንዝ ሊከቷት!

እናቱ የቀሚሳቸው ጠርዝ ርሶ ሲገቡ ደጃፉ ላይ ጠበቃቸው።

"የት ጣልሻት?"

"ምኗን፣ ልጄ?"

"ሁለተኛዋን! ዕድሌን ወንዝ ከተትሽው! ምን አደረግሁሽ?"

ወይዘሮ ለተማርያም አፈር የለበሰውን ልጃቸውን፣ ከዚያም የተቆፋፈረውን ግቢ አዩ። "አንተን ለማግኘት ስንት ዓመት እንዳለቀስኩ ብታውቅ እንዲህ አትጮህብኝም ነበር" ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

ነጠላ ጫማውን እየጎተተ ወጣ። ከከተማው ውጭ፣ ሶፊ ድረስ በእግሩ ሄደ። መሬቱንም፣ ፈረንጁንም፣ እናቱንም ረገመ። ሲመለስ ቁጣው በርዶ እፍረት ብቻ ቀርቶት ነበር። ይቅርታ ሊላቸው አስቦ ገባ።

እናቱ በረንዳው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ይታጠባሉ።

"ጠረጴዛህ ላይ አለችልህ" አሉት ቀና ሳይሉ። "ከእንግዲህ ጉድጓዱን ድፈነው።"

እየሮጠ ገባ። ሁለተኛዋ ምስል ከመጀመሪያዋ ጎን ቆማለች፤ ያው ጡት፣ ያው ሆድ፣ ሆዷ ላይ ያው በሰያፍ የተሰነጠቀ ጉድጓድ፤ ጭቃዋ ግን ገና አልደረቀም።