በቅሎ መጣ ደጄ

የእስቴን ሰው ሁሉ ስታስለቅስ የኖረችው አልቃሽ ጥሩዬ፣ በገዛ ልጇ ሰልስት ዓይኗ ደርቆ ተቀምጣ ነበር። ከቀብሩ ጀምሮ አንዲት እንባ አልወጣትም፤ ቃልም አልተነፈሰች። እንባው ውስጧ ቀርቶ እንዳይገድላት የፈሩት ሁለቱ የሙያ ጓደኞቿ፣ አልጣሽና ስንዱ፣ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ሦስቱም የሚያደንቋትን የአንዲት ሟች የስማዳ አልቃሽ ግጥሞች እያነሡ ያወሩ ጀመር።

«ያ ለግራዝማቹ ልጅ ያለቀሰችውስ!» አለች ስንዱ። «ልጁ ዘመቻ ላይ ወድቆ በቅሎዋ ብቻዋን ቤት የገባች ለት፣ በእናቱ አንደበት ያለችው!»

አልጣሽ ጉሮሮዋን ጠራርጋ፣ «የተዘራው ሁሉ ወጥቶ መጣ ደጄ...» ብላ ጀመረች።

የጥሩዬ እጅ ከነጠላዋ ሥር ወጥቶ የአልጣሽን ጉልበት መታ። «ኧረ አንቺ ሴት! ‹ወጥቶ› ብለሽ በቅሎዋን ገደልሻት እኮ! ቡቃያውም በቅሎዋም ያሉት እዚያች አንዲት ቃል ላይ አይደለም?» ድምጿ ሻክሮ ነበር። ከዚያ ቀና ብላ፣ እንደሚገባው አድርጋ አወረደችው፦

«የተዘራው ሁሉ በቅሎ መጣ ደጄ፣
ምነው አንተን ብቻ አፈር ያዘህ...»

የቀረቻት አንዲት ቃል ነበረች። «ልጄ» አለች። ደግማም «ልጄ! ልጄ!» አለች፤ ያኔ ግጥም መሆኑ ቀረና እንባዋ ዱብ ዱብ ይል ጀመር።

በስህተቷ አፍራ አቀርቅራ የነበረችው አልጣሽ በረዥሙ ተነፈሰችና አቀፈቻት። «እሰይ እህቴ፣ ይውጣልሽ» አለቻት። «እንኳንም በቅሎዋን ገደልኳት።»