ለቅሶ ያቃጠለው ማጉያ

እህቴ ብርነሽ ትሰማኝ ይሆን?

ሳተላይቶቹ ከወደቁና ድልድዩ ከፈረሰ ወዲህ ድምፃችንን ገደሉን የሚያሻግርልን ይህ ተራራ ላይ ያለው የሬድዮ ማስተላለፊያ ብቻ ነው። ማዶ ምጥ የያዛት ሁሉ አዋላጅዋን የምትሰማው በሱ ነው። ዛሬ ተራው የብርነሽ ነው።

የምንልከውን ድምፅ የሚያበረታውን ማጉያ ክዳን ስከፍት፣ ኃይል የሚሰጠው ትራንዚስተር በሙቀት ተሰንጥቆ አገኘሁት።

«ጋሽ ዘርጋው፣ ማጉያው ሳያርፍ ነው እንዴ የዋለው?» አልኳቸው ጠባቂውን።

«የእትዬ አትጠገብ ለቅሶ ነበራ። ልጆቿ ማዶ ናቸው፤ ከጠዋት ጀምሮ እነሱ ከማዶ እኛ ከዚህ በሬድዮ ስናለቅስላት ዋልን።»

«ሲግል አላዩም?»

«አየሁ። ታዲያ አልቃሽ ላቋርጥ? ውጭ አገር ይህን ነው ያስተማሩሽ?»

እኔ ብሆን አቋርጥ እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም።

መቀበያው ደህና ስለሆነ የብርነሽን ባል እንሰማዋለን። እሱ ግን አይሰማንም። «የልጁ እግር ቀደመ፤ እንጎትተው ወይ?» እያለ ይጮኻል።

አዋላጅዋ ሲስተር ምንትዋብ አጠገቤ ቆማ ራሷን ያዘች። «እንዳይነኩት በያቸው! በእናትሽ፣ እንዳይነኩት!»

ይህን ትራንዚስተር የሚሠራ ፋብሪካ ዛሬ የትም የለም። ማጉያውን ትቼ፣ ያለሱ ደካማ ቢሆንም አንቴናውን ከአስተላላፊው ጋር በቀጥታ አገናኘሁት። ድምፄ ገደሉን ቢሻገር ተአምር ነው።

«አትጎትቱት። በራሱ እስኪመጣ ጠብቁ። ከሰማችሁኝ የሬድዮዋን መናገሪያ ቁልፍ አንዴ ብቻ ተጫኑልኝ።»

ደግሜ ላክሁት። ከማዶ የሚመጣው የባሏ ጩኸትም ቆመ፤ ሰምቶኝ ይሁን ሌላ ነገር ደርሶ አላወቅሁም። ጀንበር እስክትጠልቅ ቁልፏን የተጫነ አልነበረም።