ግራጫ አራት

አዲሱ ሙዚየም ሕንፃውን በጥቁርና ነጭ እንዲያነሱ የሚፈቅደው ቀለም የማየት ችሎታቸውን ከዓይናቸው በቀዶ ሕክምና ላስወጡ ፎቶ አንሺዎች ብቻ ነው። ውድነሽ አምና አስወጥታ ገባች። ባሏ አስናቀም ፎቶ አንሺ ነው፤ እሱ ግን ፈርቶ ቀረ። አሁን ፎቶዎቿን በአጉሊ መነጽር ሲመረምር ይውላል። እሱ ሲሚንቶ ብቻ በሚያይበት ግድግዳ ላይ እሷ ሰባት ዓይነት ግራጫ ለይታለች፤ ይህ አንጀቱን ያሳርረዋል።

ልጃቸው በተወለደች በአምስተኛው ቀን የውድነሽ አክስት ደወሉ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ! የጆሮዋን ጫፍ እስቲ እዪልኝ፤ ቀይ ናት ጠይም?»

ውድነሽ ስልኩን ለባሏ ዘረጋች። «እባክህ ንገራቸው።»

እሱ ብቻ የሚያየው ነገር ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር። አስናቀ ስልኩን አልተቀበላትም።

«ከእኔ ዓይን ያንቺ ይበልጥ የለ? ራስሽ ንገሪያቸው!»

ውድነሽ ሕፃኗን ወደ መስኮቱ አዙራ ትኩር ብላ አየቻት።

«ግራጫ አራት ናት፣ እትዬ። ጆሮዋ ጫፍ ላይ ወደ አምስት ትሄዳለች።»

«ምን አልሽኝ አንቺ ልጅ?»

አስናቀ ጎንበስ ብሎ አራቱና አምስቱ የሚለያዩበትን ቦታ ፈለገ። የታየው ጠይም ጆሮ ብቻ ነበር። ከሙዚየሙ ግድግዳ ይልቅ በዚህች ጆሮ የባሰ ቀናባት።