ኤሊ ማን ነው?

ያሬሊስ አሥራ አምስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ሲቀሯት ሐኪሙ የሕመሟን ምንነት ነገራት። አንጀት እየተቆጣ የሚቆስልበት ሕመም ነው። አንዳንዴ ይተኛል፣ አንዳንዴ ይነሳል። ጨርሶ አይድንም፣ ግን ይገራል። ለመግራት ደግሞ ጠባዩን ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ክሊኒኩ እንደ እሷ ያሉ ልጆች በስልክ የሚገናኙበት ቡድን ውስጥ አስገባት።

ቡድኑን የምትመራው አዊልዳ የምትባል ነርስ ነበረች። ቅዳሜ ከሰዓት እሷ ታስተምራለች፤ በሌላው ቀን ልጆቹ እርስ በርስ ይጻጻፋሉ። እውነተኛ ስም አይጻፍም፣ ፎቶ አይለጠፍም። ያሬሊስ «ሎሚ» ተባለች። ከሁሉም የሚያስቀው ግን «ኤሊ» የሚባለው ነበር።

«ለምን ኤሊ ተባልክ?» ብላ ጻፈችለት።

«ሽንት ቤት በሰዓቱ ደርሼ ስለማላውቅ» አላት።

ያሬሊስ ከታመመች ወዲህ እንደዚያን ቀን ስቃ አታውቅም።

ቤታቸው ፋሃርዶ የምትባል የባሕር ጠረፍ ከተማ ውስጥ ነው። ሦስት ሰው፣ አንድ ሽንት ቤት። እናቷ ሚግዳሊያ ልጇ የበላችውንም ያልበላችውንም ስትከታተል ትውላለች። ወንድሟ ጆኒኤል አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። አምና ትከሻዬን አመመኝ ብሎ ቤዝቦል ከተወ ወዲህ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ መዋል ሆኗል ሥራው። አፉ ግን አላረፈም።

«አንቺ ንግሥት፣ ዙፋኑን ልቀቂ እንጂ!» እያለ በሩን ይደበድባል።

«ቀድሜህ ነው የገባሁት!»

«ማሚ! ይቺን ልጅ አውጪልኝ!»

የኤሊ ምክር ሠራላት። ደህና ነኝ ባለች ቁጥር መድኃኒቷን መዝለሏን አቆመች። ከክፍል ሳታስፈቅድ እንድትወጣ ከመምህሯ ጋር ተነጋገረች። እንዲያውም በአገሩ ልማድ ሴት ልጅ አሥራ አምስት ሲሞላት የሚደገሰውን፣ እሷ ግን ፈርታ የተወችውን ድግስ እንድትደግስ ያሳመናት እሱ ነው።

«የቫልሱ ዳንስ መሃል ሆዴ ቢነሳብኝስ?» ብላው ነበር።

«ቀሚስሽን ሰብስበሽ ትሮጫለሽ። ሙዚቃው እንደሆነ ይጠብቅሻል» አላት።

ጥርጣሬው የመጣው አንድ እሑድ ነው። ሉኪዮ ወደሚባለው የባሕር ዳርቻ ሄደው ነበር። ሚግዳሊያ አልካፑሪያ የሚባለውን ሥጋ የተሞላ ትኩስ ጥብስ ገዛች። ጆኒኤል የኮኮናት ውሃውን ብቻ እየጠጣ ሲያሾፍ፣ ያሬሊስ ዘይት የጠገበውን ጥብስ አከታትላ ዋጠችው። ማታ ስልኳን ስትከፍት ኤሊ ጽፏል፦

«ዛሬ ባሕር ዳርቻ አልካፑሪያ የጎሰጎሰ ሰው ካለ ውሃ ይጠጣ። ነገ ለቅሶ አልፈልግም።»

ዘይት የምትወድ እሷ ብቻ ናት እንዴ? ሳቀችና አለፈችው።

በማግስቱ ራሷን አመማትና ከእናቷ መሳቢያ ክኒን አንስታ ዋጠች። እናቷ በኮሪደሩ እያለፈች ነበር፤ ጆኒኤልም ጫማውን ፍለጋ ቤቱን ያተራምሳል። ምሽት ላይ ኤሊ ብቅ አለ። «ለራስ ምታት ያገኛችሁትን ክኒን አትዋጡ። አንዳንዱ አንጀታችንን ይቀሰቅሰዋል። መጀመሪያ አዊልዳን ጠይቁ።»

ይህኛው አላሳቃትም። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ሚግዳሊያ ወጥ ቤት ቆማ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ በስልክ ስታወራ ሰማቻት።

«አታውቅም፣ አዊልዳዬ። ለጊዜው እንዲሁ ይቆይ።»

ያሬሊስ ወጥመድ አዘጋጀች። ምሳ ላይ፣ ለሌላ ለማንም ሳትናገር፣ «ማሚ፣ ለድግሱ ቀሚሱን ትቼ ሱሪ ልለብስ ነው» አለቻት። ሚግዳሊያ ሹካዋን ጣለች። ጆኒኤል ማዳመጫውን እንዳደረገ ሩዙን ይቆሰቁስ ነበር።

ማታ ኤሊ እንዲህ አለ፦ «ሎሚ፣ ቀሚስም ልበሺ ሱሪም፣ ሆድሽ ግድ የለውም። መደነሱን ብቻ እንዳትተዪ።»

ፊቷ ጋለ። ያንን ሁሉ ጉድ የዘረገፈችው፣ ስለ ፍርሃቷ፣ ስለ ሽንት ቤቷ፣ ለገዛ እናቷ ኖሯል!

ቅዳሜ ደረሰ። ያሬሊስ ጓደኛዬ ጋ ነኝ ብላ ወጣችና ዞራ ተመልሳ መኪና ማቆሚያው ጥላ ሥር ተደበቀች። አዊልዳ ትምህርቷን እንደጀመረች ያሬሊስ ጻፈች፦

«ኤሊ ልጅ አይደለም። እናቴ ናት! ድግሱም ቀርቷል፣ እኔም ከዚህ ቡድን ልወጣ ነው።»

«ተሳስተሻል፣ ሎሚ» አለች አዊልዳ። «ግን ማን እንደሆነ መናገር የኔ ድርሻ አይደለም።»

«ሎሚ፣ እባክሽ አትውጪ» ብሎ ኤሊ ጻፈ። «እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ»

መብራት ጠፋ። የቤቱ ማራገቢያ አቃስቶ ቆመ፤ የሰፈሩ ሰው በየበረንዳው «አይ!» ሲል ተሰማ። የቤቱ ኢንተርኔት አብሮ ሄደ። የያሬሊስ ስልክ በራሱ መስመር ይሠራ ስለነበር ቡድኑ አልጠፋባትም። አዊልዳ አለች፣ ሌሎቹም አሉ። ከኤሊ ስም ጎን ያለችው አረንጓዴ ነጥብ ብቻ ድርግም ብላ ጠፋች።

«ያዝኩሽ!» ብላ እየጮኸች ወደ ጓሮ ሮጠች።

ሚግዳሊያ የልብስ መቆንጠጫ በጥርሷ ነክሳ አንሶላ እያሰጣች ነበር። እጇ እስከ ክርኗ ርሷል። ስልኳ የለም።

መቆንጠጫውን ከአፏ አወጣች። «ማንን ነው የያዝሽው?»

ከሽንት ቤቱ መስኮት የጆኒኤል ድምፅ አስተጋባ፦

«ማሚ! ስልክሽን ቶሎ አቀብዪኝ፣ ሎሚ ከቡድኑ ልትወጣብኝ ነው!»